በሁለት ክፍሎች መካከል ያሉት ደቂቃዎች፦ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል የርክክብ ጉዳይ

የልብ የአፈጣጠር ችግር ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት ሕክምና ሲነሣ ምስጋናውም ሆነ ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በቀዶ ሐኪሙ ላይ ነው። ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ግን ቀዶ ሕክምናው በመልካም ሁኔታ ካበቃ በኋላ ያለውን አጭር ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ በኮሪደር አልፎ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ፣ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት አብረውት ያልነበሩ ሐኪሞችና ነርሶች ሙሉ በሙሉ እስኪረከቡት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ለንደን የሚገኘውና በ1852 የተመሠረተው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እነዚህን ደቂቃዎች ራሳቸውን እንደቻሉ የሕክምና ተግባር ቆጥሮ አጠናቸው፣ እንደገና አደራጃቸው፣ ውጤቱንም በቁጥር ለክቶ በ2007 ለባለሙያዎች አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ሐኪሞቹ ከፌራሪ የመኪና ውድድር ቡድን ትምህርት በመውሰዳቸው ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሆኖም ከፌራሪ የሚጀምር ትረካ የጉዳዩን ሥር ዘልሎ ያልፋል ብዬ አምናለሁ። ሥሩ ያለው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀዶ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ካደረገላቸው ሕፃናት መካከል የሞቱበትን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ በስሙ ለዓለም ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው የሚወጣው ሕፃን

በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 8 ያህሉ ልባቸው ላይ አንድ ዓይነት የአፈጣጠር ችግር ይኖርባቸዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሩብ ያህሉ ችግራቸው ከባድ በመሆኑ ገና በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ወይም በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚሰጥ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በተወለዱ በቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከሚጠይቁት ችግሮች አንዱ ታላላቆቹ የልብ ደም ቧንቧዎች ቦታ ተለዋውጠው የሚፈጠሩበት ነው። በጤናማ ልብ ላይ አኦርታ የሚነሣው ከግራው የታችኛው ክፍል ሆኖ ኦክስጂን ያለውን ደም ለመላው ሰውነት ያደርሳል፤ የሳንባው ቧንቧ ደግሞ ከቀኙ ተነሥቶ ኦክስጂን ያለቀበትን ደም ወደ ሳንባ ይወስዳል። በእነዚህ ሕፃናት ግን አኦርታ በቀኝ፣ የሳንባው ቧንቧ በግራ ስለሚነሡ፣ ከሳንባ ኦክስጂን ይዞ የተመለሰው ደም ተመልሶ ወደ ሳንባው ይሄዳል፤ ከሰውነት ኦክስጂኑን ጨርሶ የመጣውም ተመልሶ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ሁለቱ ዑደቶች የሚገናኙበት ቀዳዳ ከሌለ ሕፃኑ በሕይወት ሊቆይ አይችልም።

ለጥቂት ጊዜ ሕፃኑን የሚያቆየው በማሕፀን ሳለ አኦርታንና የሳንባውን ቧንቧ ያገናኝ የነበረው፣ ዳክተስ የሚባለው አጭር ቧንቧና በልቡ የላይኛ ክፍሎች መካከል ያለው ትንሽ ቀዳዳ ናቸው። ዳክተሱ ከተወለደ በኋላ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ መዘጋት ተፈጥሮው በመሆኑ፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ፕሮስታግላንዲን የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ያለማቋረጥ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት ሕይወት አዳኝ ቢሆንም በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ትንፋሽ ድንገት እንዲቋረጥ ስለሚያደርግ፣ ሕፃኑ ገና ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት ጀምሮ የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። በላይኛዎቹ ክፍሎች መካከል ያለው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ደግሞ በደም ሥር በኩል ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ካቴተር ተልኮ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ይህን ዘዴ ዊሊያም ራሽኪንድ በ1966 በፊላደልፊያ አስተዋውቆታል። ዋናው ጥገና፣ ሁለቱ ቧንቧዎች ተቆርጠው ወደየትክክለኛ ቦታቸው የሚቀያየሩበት ቀዶ ሕክምና፣ በ1975 ብራዚላዊው አዲብ ጃቴኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የሠራው ነው።

ይህ ቀዶ ሕክምና ብዙ የሚጠብቅ አይደለም። የግራው የታችኛ ክፍል ግፊቱ ዝቅተኛ ወደሆነው ሳንባ ብቻ ሲገፋ ከቆየ ጡንቻው በሳምንታት ውስጥ ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ ደሙን ለመላው ሰውነት እንዲያደርስ ቢጠየቅ አቅም አይኖረውም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት፣ 3 ኪሎ ግራም ያህል በሚመዝን ጨቅላ ላይ ነው። አስቸጋሪው እርምጃ የልብን ጡንቻ ራሱን የሚመግቡትን የኮሮናሪ ሥሮች ከአሮጌው ቧንቧ ነቅሎ በአዲሱ ላይ መትከል ነው፤ ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ጥቂት መጣመም ወይም መወጠር ልቡን ደም ይነፍገዋል።

ሕፃኑ ከዚህ ወጥቶ በሚጓዝበት ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሰውነቱ ያለው ደም በጠቅላላው 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ የውኃ ብርጭቆ የሚሞላ ነው። ትንፋሹ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የመተንፈሻ ቧንቧው ርዝመት ራሱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ራሱን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ማድረግ ብቻ የቱቦውን ጫፍ ወደ አንዱ ሳንባ ሊያስገባው ወይም ጨርሶ ሊያወጣው ይችላል። በደም ቧንቧው ውስጥ ግፊቱን የሚለካ መስመር፣ በአንገቱ ወይም በጭኑ በኩል ትልቅ የደም ሥር መስመር፣ አንዳንዴም በቀጥታ ከልቡ የላይኛ ክፍል የወጣ ቀጭን መስመር ይኖረዋል። ከደረቱ ደም የሚያወጡ ቱቦዎች፣ ልቡ ቢዘገይ የሚቀሰቅሱት የፔስሜከር ሽቦዎች አሉ። ልቡ ካበጠ ደግሞ የደረቱ አጥንት ሳይዘጋ፣ በስስ ሽፋን ብቻ ተሸፍኖ ይወጣል።

መድኃኒቶቹ የሚገቡት በሲሪንጅ ፓምፕ፣ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ነው። ልብን የሚደግፈው አድሬናሊን በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑ ለአጭር ጊዜ ቢቆም የደም ግፊቱ ይወድቃል። ፓምፑን ከአልጋው አንሥቶ ከፍ ወዳለ ቦታ መስቀል ራሱ፣ በከፍታው ለውጥ ምክንያት፣ ያልታሰበ መድኃኒት ገፍቶ ሊያስገባ ይችላል። ለአዋቂ ሰው ኢምንት የሆነው መዛነፍ ለዚህ ሕፃን ሙሉ መጠን ነው። በዚህ ላይ ልቡ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ውስጥ አቅሙ እየቀነሰ እንደሚሄድ ከታወቀ ቆይቷል፤ ስለዚህ ተረካቢው ቡድን ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ የሚጠብቀውን አውቆ መነሣት አለበት።

ርክክቡ ምን ምን እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታያል። መተንፈሻው፣ የክትትል መስመሮቹና ልብን የሚደግፉት መድኃኒቶች በሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይዛወራሉ፤ መጀመሪያ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያዎች ወደ ተንቀሳቃሾቹ፣ ከዚያም ከተንቀሳቃሾቹ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መሣሪያዎች። በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምናውን የሠሩት ሰዎች በብዙ ሰዓታት ውስጥ ስለዚህ ልብ ያወቁትን ሁሉ፣ ደም የት እንደፈሰሰ፣ የትኛው የኮሮናሪ ሥር እንዳስቸገረ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ ከሚተካው ማሽን ሲላቀቅ ልቡ እንዴት እንደመለሰ፣ ለአዲሶቹ ማስተላለፍ ይጠበቅባቸዋል። በተለመደው አሠራር ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ላይ ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ገመድ እየሰካ ሌላው ይናገራል፣ ሦስተኛው ይጠይቃል፣ ነርሷ ፓምፕ እያስተካከለች ከሚነገረው ግማሹን ትሰማለች።

የሞቱበትን የቆጠረው ሐኪም

ማርክ ዴ ሌቫል በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ይሠራ የነበረ ቤልጂየም ተወላጅ የልብ ቀዶ ሐኪም ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1994 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ቀዶ ሐኪም በተከታታይ የሠራቸውን 104 የቧንቧ ማቀያየር ቀዶ ሕክምናዎች መረመሩ፤ ሐኪሙም ራሱ ዴ ሌቫል ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 52 ሕፃናት የሞተው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት 16 ሕፃናት ውስጥ ግን ሰባት ሞቱ። ሥራው ያው፣ ሐኪሙም ያው ነበር። ዴ ሌቫል ይህን በአጋጣሚ አላሳበበም፤ ለእያንዳንዱ ውጤት እየተደመረ የሚሄድ የቁጥር መከታተያ ተጠቅሞ ለውጡ ከዕድል በላይ መሆኑን መረመረ፣ የተሻለ ውጤት ከነበረው ባልደረባ ዘንድ ሄዶ አሠራሩን እንደገና ተማረ፣ ውጤቱም ተመልሶ ተስተካከለ።

የዚህን እርምጃ ክብደት ለመረዳት በዚያው ዘመን በብሪታንያ ሌላ ቦታ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በብሪስቶል ከተማ ከ1984 እስከ 1995 የተደረገውን የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና የመረመረውና በኢያን ኬኔዲ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ2001 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል በሌላ መደበኛ ሆስፒታል ይጠበቅ ከነበረው ይልቅ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ተጨማሪ ሕፃናት ሞተዋል ብሏል። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ሕንፃ፣ የሕፃናት የልብ ሐኪሞቹ በሌላ ሆስፒታል መሆናቸው አጣሪው ከዘረዘራቸው ድክመቶች አንዱ ነበር። ወላጆቹ ያለቀሱት ልቅሶ ውስጥ አንዱ ምሬት እውነቱን የሚያውቅ ቁጥር እያለ ማንም በጊዜው አለመናገሩ ነው።

ዴ ሌቫል በራሱ ላይ የጀመረውን ምርመራ ወደ ሌሎችም አሰፋው። በ2000 በወጣው ቀጣይ ጥናት በብሪታንያ 16 ማዕከላት ያሉ 21 ቀዶ ሐኪሞች ያከናወኗቸው 243 የቧንቧ ማቀያየር ቀዶ ሕክምናዎች ተመረመሩ፤ የሰውን የሥራ ባሕርይ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም በቀዶ ሕክምናው ክፍል ተቀምጠው የሆነውን መዘገቡ። ግኝቱ ዛሬም ቢሆን ሊነበብ የሚገባው ነው። ትልልቆቹ ስሕተቶች ወዲያው ስለሚታዩ ቡድኑ ተረባርቦ ብዙዎቹን ያርማቸዋል። ትንንሾቹ ግን፣ አንድ ቆይቶ የደረሰ መሣሪያ፣ አንድ ያልተሰማ ቃል፣ አንድ የተቋረጠ ሐሳብ፣ ማንም ሳያስተውላቸው ያልፋሉ፤ ሲደማመሩም ከሞት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ቁጥሩ አሳየ። እንግዲህ ትንንሽ ስሕተቶች በብዛት የሚሰበሰቡበት ቦታ የት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ሁለት ቡድኖች፣ በርካታ መሣሪያዎችና አንድ ሕፃን በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚገናኙበት ርክክብ ቀዳሚው መልስ ነው።

የጋራዡ ትምህርት

የፌራሪው ክፍል በዚህ ላይ ሲታይ ትርጉም ያገኛል። የልብ ቀዶ ሐኪሙ ማርቲን ኤሊየትና የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ አላን ጎልድማን ከረጅም ሥራ በኋላ በሆስፒታሉ ማረፊያ ክፍል የፎርሙላ ዋን ውድድር በቴሌቪዥን ሲመለከቱ ያዩትን ነገር በተደጋጋሚ ተናግረውታል። በዚያን ጊዜ መኪናው ወደ ማቆሚያው ሲገባ ሃያ ያህል ሰዎች በ7 ሰከንድ ገደማ ውስጥ አራት ጎማ ቀይረው፣ ነዳጅ ሞልተው ይለቁት ነበር፤ እነርሱ ግን አንድ ሕፃን ለማስረከብ ይተራመሱ ነበር። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ ስለገባቸው ከፌራሪ ጋር ግንኙነት ፈጠሩ፤ ጣሊያን ማራኔሎ ወዳለው የፌራሪ ዋና መሥሪያ ቤትም ሄዱ። በሆስፒታሉ የተደረጉ ርክክቦችን በቪዲዮ ቀርጸው ለውድድሩ ባለሙያዎች ሲያሳዩ፣ የተመልካቾቹ ትዝብት የሥርዓት እጦቱ፣ ጫጫታውና መሪው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነበር። ከዚህ ሌላ ሁለት የአውሮፕላን አሠልጣኝ ካፒቴኖችም ርክክቡን አይተው አስተያየት ሰጥተዋል።

ከመኪናው ውድድር የተወሰደው በመጀመሪያ መሪነት ነው። በማቆሚያው ላይ መኪናው መቼ እንደሚነሣ ይወስን የነበረው ከፊት ሆኖ ምልክቱን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ በርክክቡ ግን የማን ቃል የመጨረሻ እንደሆነ አልተጻፈም ነበር። በአዲሱ አሠራር ኃላፊነቱ በግልጽ ለሰመመን ሐኪሙ ተሰጠ፤ መረጃው ተላልፎ ሲያበቃ ደግሞ ወደ ጽኑ ሕሙማን ሐኪሙ ይሻገራል። ሁለተኛው የሥራ ድርሻ ነው። መተንፈሻውን የሰመመን ሐኪሙ፣ የክትትል መሣሪያዎቹን የቀዶ ሕክምና ክፍል ረዳቱ፣ ከደረት የሚያወጡትን ቱቦዎች ነርሶቹ ይይዛሉ ተብሎ ተወሰነ፤ ቀደም ሲል ቅርብ የሆነው ሰው ያገኘውን ያነሣ ነበር። ሦስተኛው ዝምታ ነው፤ በዚህ ላይ ከታች እመለስበታለሁ። አራተኛው አስቀድሞ መገመት ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ምን ሊበላሽበት እንደሚችል፣ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቶሎ ይታይ እንደሆነ በጽሑፍ ተመዘነ።

ከአቪዬሽኑ የመጣው ደግሞ የማረጋገጫ ዝርዝሩና ከእጅ ሥራ ተነጥሎ አጠቃላዩን የሚመለከት ሰው አስፈላጊነት ነው። ከፍተኛ የሰመመንና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞቹ በተወሰኑ ጊዜያት እጃቸውን ከሥራው አንሥተው፣ ወደ ኋላ ብለው ሙሉውን ሁኔታ እንዲቃኙ ተደረገ። ይህ ለአንዳንድ አንጋፋ ሐኪም የሚከብድ ነገር ነው፤ ብዙ ልምድ ያለው ሰው ሲጨነቅ የሚቀናው ራሱ መያዝ ነውና።

አዲሱ አሠራር በአልጋው ዘንድ

ሥራው የሚጀምረው ሕፃኑ ገና ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሳይነሣ ነው። የመተንፈሻ መሣሪያውን ልኬት፣ የሚሰጡትን መድኃኒቶችና የመስመሮቹን ዓይነት የያዘ ቅጽ አስቀድሞ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይላካል። ስለዚህ ሕፃኑ ሲደርስ መተንፈሻው በሚያስፈልገው ልኬት ተዘጋጅቶ፣ ፓምፖቹ የሚሰቀሉበት ቦታ ተለይቶ ይጠብቀዋል።

ሕፃኑ ሲገባ መጀመሪያ የሚዛወሩት መሣሪያዎቹ ናቸው፤ መተንፈሻው ይያያዛል፣ ሞኒተሩ ይሰካል፣ ፓምፖቹ ይዛወራሉ፣ ቱቦዎቹ ይስተካከላሉ። በዚህ ጊዜ ለሥራው ከሚያስፈልገው ቃል በቀር ንግግር የለም። ስለ ሕመሙ ታሪክ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው ውጣ ውረድ ማውራት ክልክል ነው። ይህ የዝምታ ደንብ በጥናቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ በጥልቀት የታሰበበት ይመስለኛል። ምክንያቱም ሐኪም መናገር የሚፈልገው ተንኮል ኖሮት አይደለም፤ ያወቀውን ለማካፈል ከመቸኮል ነው። ነገር ግን በዚያ ደቂቃ የተነገረው ቃል እጁ ሥራ ላይ ላለው ሰው ጆሮ በግማሹ ይደርሳል፣ ተናጋሪው ግን አስረክቤአለሁ ብሎ ይሄዳል። ኮሮናሪው አስቸግሮ እንደነበር የተነገረው አንዲት ነርስ የአድሬናሊኑን መስመር ስታዛውር ከሆነ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ የልቡን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚያሳየው ኢሲጂ ላይ ለውጥ ሲታይ ያንን ቃል የሚያስታውስ ሰው ላይገኝ ይችላል። ዝምታው የሚጠብቀው ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ መረጃውንም ነው።

መሣሪያዎቹ በቦታቸው መሆናቸውና ሕፃኑ መረጋጋቱ ሲረጋገጥ መረጃው ይቀጥላል። አሁን የሁሉም እጅ ነፃ ነው። የሰመመን ሐኪሙ በቅጹ ተራ መሠረት ይናገራል፤ ቀጥሎ ቀዶ ሐኪሙ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንደሠራና ምን እንደሚያሳስበው ይገልጻል። ቅጹ እንደ ማረጋገጫ ዝርዝር ስለሚያገለግል፣ አለርጂ እንዳለበት ወይም ምን ያህል ደም እንደተሰጠው ሳይነገር ቢቀር ክፍተቱ ይታያል። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ውይይት አለ፤ ጽኑ ሕሙማን ሐኪሙ ይጠይቃል፣ የሚጠበቀው አደጋ ይገለጻል፣ ለሚቀጥሉት ሰዓታት ዕቅድ ይወጣል፣ የትኛውም ደረጃ ላይ ያለ ባልደረባ ያየውን እንዲናገር ይበረታታል። ወጣቷ ነርስ ቱቦው ላይ ያየችውን የማትናገርበት ክፍል ምንም ያህል መሣሪያ ቢሞላ ደኅንነቱ አይታመንም።

ሌላው ያስደነቀኝ ነገር አሠራሩ ሆን ተብሎ ቀላል መደረጉ ነው። የፎርሙላ ዋን ቡድን አንድ ዓይነት ሥራ ለማከናወን ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚለማመድ ቋሚ ቡድን ነው፤ ሆስፒታል ግን ሠራተኛው በተረኝነት ይቀያየራል፣ አዲስ ሐኪም በየጊዜው ይመጣል። ስለዚህ ጠቅላላው አሠራር በ30 ደቂቃ እንዲለመድ ሆኖ ተዘጋጀ፣ መመሪያውም በፕላስቲክ ተለብጦ በየአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። እንዲያው ከውጭ የመጣ ጥበብን እንዳለ ቢገለብጡ ኖሮ በወራት ውስጥ ይፈርስ ነበር።

ውጤቱ

የ2007ቱን ጥናት የጻፉት ኬን ካችፖልና ባልደረቦቹ 50 ርክክቦችን ተከታትለዋል፤ 23ቱ ከአዲሱ አሠራር በፊት፣ 27ቱ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ናቸው። በአንድ ርክክብ በአማካይ 5.42 የነበረው የቴክኒክ ስሕተት ወደ 3.15 ወረደ። ሳይነገር የሚቀረው መረጃ ከ2.09 ወደ 1.07 ዝቅ አለ። በመሣሪያውም በመረጃውም በኩል ከአንድ በላይ ስሕተት የታየባቸው ርክክቦች ከ23ቱ 9 የነበሩ ሲሆን በኋላ ግን ከ27ቱ 3 ብቻ ሆኑ። ጊዜውም ከ10.8 ደቂቃ ወደ 9.4 ደቂቃ አጠረ።

የጊዜው ነገር ማብራሪያ ይሻል። ማንም ተጣደፉ አላለም፤ እንዲያውም ንግግሩ ከሥራው ተለይቶ ወደ ኋላ መገፋቱ ርክክቡን ያረዝመዋል ተብሎ ቢሰጋ አያስገርምም። ነገር ግን ድግግሞሹ፣ መጠያየቁ፣ የጠፋ ገመድ ፍለጋው ሲቀር ጊዜው ራሱ አጠረ። ስለ ሥርዓት ሲነገር «ሥራ ያበዛል» ለሚሉ ባለሙያዎች ይህ ቁጥር ጥሩ መልስ ነው።

ጥናቱ የማይነግረንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የተደረገው በአንድ ሆስፒታል ነው፤ ያነጻጸረው ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን እንጂ በዕጣ የተመደቡ ሁለት ቡድኖችን አይደለም፤ ስሕተቱን የሚቆጥሩትም ሰዎች የትኛው ርክክብ በአዲሱ አሠራር እንደሆነ ያውቃሉ። ሃምሳ ርክክብ ሟችነት ቀነሰ ለማለት የሚያበቃ ብዛት ስላልሆነ፣ ጥናቱ የሞት ቁጥር ቀነሰ አላለም። ስለዚህ «ፌራሪ የሕፃናትን ሕይወት አተረፈ» የሚለው አባባል ከቁጥሮቹ በላይ የሚሄድ ነው። ቁጥሮቹ የሚሉት ትንንሽ ስሕተቶች ቀነሱ ነው፤ ትንንሽ ስሕተቶች ሲደማመሩ ከሞት ጋር እንደሚያያዙ ደግሞ የ2000ው ጥናት አሳይቷል። ሁለቱን አገናኝቶ ማሰብ ምክንያታዊ ነው፤ የተረጋገጠ አድርጎ ማቅረብ ግን አይገባም። ከዚህ ሌላ በአዲሱ አሠራርም ቢሆን በአንድ ርክክብ በአማካይ ከሦስት በላይ የቴክኒክ ስሕተት መቅረቱን መርሳት የለብንም። ያ ቁጥር አንድ ሕፃን ላይ ሲያርፍ ትንሽ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ

አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የሚገኘውና በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ካቋቋሙት ድርጅት የረጅም ዘመን ጥረት የተገኘ ነው። በማዕከሉ ታሪክ ውስጥ ከውጭ የሚመጡ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ቡድኑ ለተወሰነ ጊዜ መጥቶ ይሠራል፣ ይመለሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ አሠራር የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ጉዳይ ከየትኛውም መጽሔት ጽሑፍ በበለጠ ቅርብ ነው ብዬ አስባለሁ። እዚህ ርክክቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሌላው ደግሞ ተሳፍሮ ከሚሄደው ቡድን እዚሁ ለሚቀሩት ሐኪሞችና ነርሶች። በሁለተኛው ላይ መሣሪያው ያው ስለሆነ አደጋው የሚያርፈው በመረጃው ላይ ነው፤ በውጭ ቋንቋ፣ በችኮላ፣ ሻንጣ በሚታሰርበት ሰዓት የተነገረ ነገር ይጠፋል።

የለንደኑ አሠራር በአብዛኛው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አስቀድሞ የሚላክ አንድ ገጽ ቅጽ፣ የተወሰነ መሪ፣ የተከፋፈለ ሥራ፣ መሣሪያ እስኪዛወር የሚጠበቅ ዝምታና የግማሽ ሰዓት ሥልጠና ነው። ለእኛ ሁኔታ በቅጹ ላይ ሦስት ነገሮች ቢታከሉ ተገቢ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው መድኃኒቶቹ የተበጠበጡበት መጠን ነው፤ ቡድኖቹ ከተለያየ አገር ስለሚመጡ የአድሬናሊኑ ሲሪንጅ ስንት ሚሊ ግራም በስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በግምት መተው የለበትም። ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት የሚፈራው ነገርና ያ ነገር ቢታይ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ሦስተኛው ቡድኑ ከሄደ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ በሌሊትም ቢሆን የሚገኝበት ስልክ ነው፤ ይህም ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት ተረኛዋ ነርስ ባለችበት ተደውሎ መሥራቱ ይረጋገጥ።